ከባይፓስ በኋላ፦ ተልባዬ የአይረን ኪኒኔን እያባከነብኝ ይሆን?

የማለዳ ተረኛ (ጠያቂ)

እህት ወንድሞቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እስከ ዛሬ የእናንተን ሳነብ ነው የቆየሁት፤ አሁን የራሴን ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና ከተሠራሁ 9 ወር ሆነኝ። ስሠራ 118 ኪሎ ነበርኩ፣ ዛሬ 84 ነኝ። የስኳር መድኃኒቴን ሐኪሜ አቁማልኛለች፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን መያዝ ትቻለሁ። በመሠራቴ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ይህን የምጽፈው ያገኘሁትን ጤና በገዛ እጄ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሆድ ድርቀት ነው። በሦስተኛው ወር ገደማ አምስት፣ ስድስት ቀን ሽንት ቤት ሳልቀመጥ መዋል ጀመርኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ነች። በስልክ ስነግራት ምንም ሳታስጨርሰኝ «ተልባ!» አለችኝ። ወር ሳይሞላ ሁለት ኪሎ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ በሁለት ፌስታል ተቋጥሮ በመንገደኛ መጣልኝ። ፌስታሉን ስፈታው የታመሰው ሽታ ማጀታችንን ይዞልኝ መጣ፤ እዚያው ቆሜ እንባዬ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቡና መፍጫ እፈጭና በአንድ ብርጭቆ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ሲነጋ እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠልጣል፤ ማንኪያውን ሳነሣው ክር እየሠራ ይከተለኛል። አንድ ማንኪያ ማር ጣል አድርጌ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እጠጣዋለሁ። ኪኒኖቼንም ሁሉ ያን ጊዜ ነው የምውጣቸው፤ መልቲቫይታሚኑን፣ አይረኑን፣ ሁለቱን ካልሲየም በአንድ ላይ። ልጋጉ ጉሮሮዬን አለስልሶ ስለሚያሳልፍልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ወር ሆዴ ተፈታ። ከዚያ ድርቀቱ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም ባሰ። ሌላም ነገር ተጨመረበት፤ ተልባውን ከጠጣሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ እየነዳሁ ስለመጣብኝ ዳር ይዤ እስኪያልፍልኝ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት የደም ውጤቴ ደረሰ። ሄሞግሎቢን 10.4፣ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸው አይረን የሚለካበት) 7፤ ሁለቱም ዝቅተኛ። ሐኪሟ «አይረንሽን በትክክል እየወሰድሽ ነው?» ስትለኝ «አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። እንዳላመነችኝ ገባኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እውነቴን ነበር፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም።

አሁን የምሰማው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ፋይበር አንጀትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይዞ ስለሚወጣ ተልባውን ተዪው» ትለኛለች። ሌላዋ «ውሃ ከምግብ ጋር አትጠጪ የሚሉት ቫይታሚኑን ስለሚያጥበው ነው» ትላለች። ውሃውን በተመለከተ ደግሞ ጥፋቴን ልናገር። የምጠብቃቸው እናት ሲነሡ ስለሚወድቁ ጥያቸው ሽንት ቤት ላለመሄድ ስል ቀኑን ሙሉ በትንሽ ኩባያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው የምጠጣው።

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከዚያ መልክ ላስይዘው እፈልጋለሁ። ተልባው ነው ጥፋተኛው? ውሃው ነው? ወይስ ሰውነቴ ከእንግዲህ አይረን የሚባል ነገር አይቀበልም?

---

ስሊቭ ከኔታንያ

አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና) ነው የተሠራሁት፣ ሁለት ዓመቴ። ለእኔ የበጀኝ ፋይበር የሚባለውን መተው ነው። ምስር የለ፣ ተልባ የለ፤ እንቁላል፣ ዓሣና እርጎ ብቻ። ፌሪቲኔ 40 ላይ ነው። ተዪውና እዪው። ውሃ ግን አትቀልጂበት፤ በዚህ አገር ሐምሌ ላይ ሳልጠጣ ውዬ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ግሉኮስ ተሰክቶልኛል።

---

ከባንኮኒው ጀርባ

እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ ጎንደር ተምሬ አሁን ቨርጂኒያ ነው የምሠራው። ሐኪምሽን አልተካም፤ የምጽፍልሽን ይዘሽ ከእሷ ጋር ተነጋገሪበት። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አልዋሸሽም። አይረኑን ውጠሻል። መዋጥና ሰውነት ውስጥ መግባት ለየቅል ናቸው፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

አይረን በዋናነት የሚገባው ዱዮዲነም በሚባለው፣ ከጨጓራ እንደተወጣ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በኩል ነው። የአንቺ ምግብ ግን ከእንግዲህ በዚያ አያልፍም፤ ባይፓስ ማለት እሱን መዝለል ነው። ከላይ የቀረችልሽ የጨጓራ ከረጢት ስትሠራ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ አሲዷም ጥቂት ናት፤ አይረን ሟሙቶ ለመግባት ደግሞ አሲድ ይፈልጋል። ስለዚህ በሩ አስቀድሞ ጠቧል። አንቺ በዚያ በጠበበው በር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አይረኑን፣ ካልሲየሙንና ተልባውን አንድ ላይ ነው የምትልኪያቸው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚጎዳሽ ካልሲየሙ ይመስለኛል። ካልሲየም አይረን እንዳይገባ ይከለክላል፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ራሱ ካልሲየሙም በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም በላይ ሲወሰድ ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። ከባይፓስ በኋላ በቀን የሚያስፈልገው ከ1200 እስከ 1500 ስለሆነ ሦስት ቦታ መከፈል አለበት። ጠርሙሱን አዙረሽ አንብቢው፤ ካርቦኔት የሚል ከሆነ አሲድ ስለሚፈልግ ላንቺ አይሆንም፣ ሲትሬት የሚለውን ጠይቂ።

አሁን ተልባው። እናትሽ አልተሳሳቱም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 4 ግራም ያህል ፋይበር ነው ያለው፤ ለአንዲት ሴት የሚመከረው ደግሞ በቀን 25 ግራም ገደማ ነው። ይህ ሆድ ጠራርጎ ባዶ የሚያስቀር መጠን አይደለም። ነገር ግን እንደ እህሉና ጥራጥሬው ሁሉ ተልባ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ አይረንና ዚንክን አንቆ ይይዛል። ያ ልጋግም ኪኒን ሲከብበው አሟሟቱን ያዘገየዋል። ጉሮሮሽን ያለሰለሰልሽ ነገር ኪኒኑንም ሸፍኖት ነው የወረደው። መፍትሔው ሰዓቱን መለወጥ ነው፤ መተው አያስፈልግም።

የኔታንያዋ እህቴ፣ ላንቺ ስለበጀሽ ደስ ብሎኛል። ግን ስሊቭና ባይፓስ አንድ አይደሉም። በስሊቭ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ በላይ ቢቆረጥም ምግቡ አሁንም በዱዮዲነም ያልፋል። ለጠያቂያችን ፋይበር የሚጠቅማት ነገር አለ፤ በውሃ የሚለጠልጠው ዓይነት ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያበርዳል፣ ሆድም ያለሰልሳል።

ከስኳር ካነሣን፣ ያ ላብና የልብ ምት የማሩ ነው። በባዶ ሆድ የገባ ማር ከትንሿ ከረጢት በቀጥታ አንጀት ላይ ሲፈስ የሚመጣ ነገር ነው፤ እዚህ «ዳምፒንግ» ይሉታል። ማሩን ተዪው፣ በተለይ ከመንዳትሽ በፊት። የሆነውን ሁሉ ለሐኪምሽም ንገሪያት።

ውሃ ቫይታሚን አያጥብም። ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ከበላችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ የሚባለው ለሌላ ምክንያት ነው። ከረጢቷ ትንሽ ስለሆነች ውሃው ቦታውን ሲይዝባት ፕሮቲኑ ሳይበላ ይቀራል፤ ወይ ምግቡን ገፍቶ ቶሎ ያወርደውና ሳትጠግቢ ትቀሪያለሽ፤ ወይ ያስመልስሻል። ይህ ማለት ግን ውሃ ቀንሺ ማለት አይደለም። የድርቀትሽ ምክንያት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ተልባ ውሃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ሦስት ኩባያ ብቻ ሲያገኝ ከአንጀትሽ መጥጦ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ አይረን ኪኒንም በራሱ ያደርቃል። ፋይበር እየጨመርሽ ውሃ ስትቀንሺ ነው የከረምሽው። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር መድረስ አለብሽ፤ በአንዴ ሳይሆን ፉት እያልሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር። 11 ሰዓት ላይ ስትነሺ አይረኑን ከቫይታሚን ሲ ጋር በውሃ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንቁላልሽንና መልቲቫይታሚኑን። ካልሲየሙን ረፋድ 3 ሰዓት፣ ከምሳ ጋርና ከእራት ጋር። ተልባውን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማር ሳይኖርበት፣ ቀጠን አድርገሽ። ቡና የምትጠጪ ከሆነ ከአይረኑና አይረን ካለበት ምግብ አርቂው፤ ከምግብ በኋላ ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ አይረን በጣም ይከለክላል። የእኛ ቡና ደግሞ ልማዱ ከማዕድ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

«እንጀራ እበላለሁ፣ ጤፍ አይረን አለው» ብለሽም አትዘናጊ። ጤፍ አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ አፈር ይቀላቀለዋል፤ ሲመረመር ከሚታየው አይረን ብዙው ከዚያ የመጣ ነው፣ ለሰውነትም እምብዛም አይሆንም። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካው ቂጣ ይሻላል።

ፌሪቲን 7ን ግን ሰዓት በመቀያየር ብቻ አትሞዪውም። አይረን በደም ሥር እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ያ በአንጀት አያልፍም። የወር አበባሽ ይበዛ እንደሆነና አንጀቱ በተቀጠለበት ላይ ቁስል ይኖር እንደሆነም ይታይልሽ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ አትንኪ። በመጨረሻም ይህ ለሁላችሁም ነው፦ ትውከት ለቀናት አልቆም ካለ ቤት አትቀመጡ። ሰውነት ቫይታሚን ቢ1ን የሚያቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሲያልቅ ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይምታታል። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አለኝ፣ ከግሉኮሱ በፊት ቢ1 ስጡኝ» በሉ።

---

እማማ ከአትላንታ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከተሠራሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጁ ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል፤ እኔ ስለ ጾሙና ስለ ቆስጣ ልንገርሽ።

በሁለተኛው ዓመቴ ዐቢይ ጾምን አጥብቄ ያዝኩ። ቆስጣ አይረንም ፋይበርም አለው ብዬ በየቀኑ ቆስጣ፣ ከጎኑ ቀይ ሥር። እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ካልሲየሜንም «በኋላ እወስደዋለሁ» እያልኩ ተውኩት። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት ከጎኔ ተነሥቶ እስከ ታፋዬ የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝ። አራት ልጅ ወልጃለሁ፤ እንዲያ ያለ ሕመም አላውቅም። የኩላሊት ጠጠር ነበር።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት አላቸው። ጤነኛ አንጀት ውስጥ ካልሲየም ያዝ ያደርገውና አብረው ይወጣሉ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ግን ቅባት በደንብ ስለማይገባለት ያ ቅባት ካልሲየሙን ይወስደዋል፤ ኦክሳሌቱ ብቻውን ቀርቶ ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኩላሊት። ውሃ ካነሰ እዚያ ይጠጥራል። ከዚያ ወዲህ ካልሲየም ሲትሬቴን ከምግቡ ጋር ነው የምወስደው። ቆስጣውን በሐበሻ ጎመን ለውጬዋለሁ፤ ጎመኑን ግን ግንዱን አውጥቼ፣ ቅጠሉን አድቅቄ ከትፌ፣ በደንብ አብስዬ። አንዴ ግንዱን ሳላወጣ በልቼ ደረቴ ላይ ቆሞብኝ ግማሽ ቀን ተሠቃይቻለሁ። ብርቱካንም ብትበዪ ነጩን ገለባውን ግፈፊው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳልደብቅ፣ ወረቀቱን ይዤ። ከጠዋት ጀምሬ ውሃና መድኃኒት እንድወስድ፣ ሰዓት ሳልጠብቅ ጥቂት ጥቂት እንድቀምስ ፈቀዱልኝ። አንቺም ንገሪያቸው፤ ራስሽ አትወስኚ። የጾም ምግብ ደግሞ ፕሮቲኑ ያንሳል። ልጄ፣ ሽሮ በውሃ ስለሚበዛ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ አይሰጥሽም። የተቀቀለ ሽምብራ መቶ ግራሙ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ እኔን በቀን 60 እንዳላንስ ነው ያዘዙኝ። ቶፉ በአዋዜ ጠብሼ እበላለሁ። መጀመሪያ ልጆቼ ናቸው የገዙልኝ፤ አሁን ራሴ ነኝ የምገዛው።

---

የማለዳ ተረኛ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ቆስጣውን እኔም በሳምንት አራት ቀን እበላ ነበር።

ወንድሜ፣ ጠርሙሱን አዙሬ አነበብኩት፤ ካርቦኔት ነው የሚለው። ዘጠኝ ወር ሙሉ! የገዛሁት ራሴ ነኝ፣ ርካሹን አይቼ። የወር አበባዬ ደግሞ ክብደቴ ከቀነሰ ወዲህ በጣም በዝቷል፤ ሐኪሜም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት። የጻፍክልኝን በእንግሊዝኛ ገልብጬ ሰኞ እወስድላታለሁ።

---

የማለዳ ተረኛ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

የምሥራች ይዤ ባልመጣም ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ሐኪሟ ወረቀቴን እስከ መጨረሻው አነበበችው። አይረኑ በደም ሥር ሁለት ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ ከመጀመሪያው በኋላ ለሁለት ቀን ራስ ምታት ብቻ ነበረኝ። ለወር አበባዬ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። ዚንክና ቫይታሚን ቢ12ም ተጨምረው እንዲመረመሩ ታዟል።

ተልባው ማታ ሆኗል። ማሩን ካቆምኩ ወዲህ ላቡ አልመጣም፣ አንድም ቀን። ሆዴ በየሁለት ቀኑ ይፈታል።

ትልቁ ለውጥ ውሃው ነው። እኚያን እናት ደብቄ መጠማቴ ስላሳፈረኝ ነገርኳቸው፤ ልጃቸው ስትመጣ ጠዋትና ከሰዓት አስር አስር ደቂቃ እንድትተካኝ ተስማማን። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ላይ በነጭ ፕላስተር አራት መስመር ለጥፌያለሁ፤ 3፣ 5፣ 8 እና 10 ሰዓት። እሳቸውም ለካ ውሃ አይጠጡም ነበር። አሁን ለእሳቸው በብርጭቆ ስቀዳ እኔም ከጠርሙሴ ፉት እላለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ፕላስተሩን በጣታቸው ነካ ነካ ያደርጉልኛል።

ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፤ በጾሙ ውሃዬና ኪኒኔ አይቋረጡም። ፌሪቲኑ ሁለት ወር ሳይሞላ ቢለካ የተወጋሁትን አይረን እንጂ ያከማቸሁትን አያሳይም ስላሉኝ የሚመረመረው ከገና በኋላ ነው። ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ።